የአያቴ ማሲንቆ እና ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም የኮንሰርት ማስታወቂያ ላከልኝ። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎና አንድ ፒያኖ። የሚቀርቡት የብራምስና የድቮርዣክ ሥራዎች ናቸው ይላል። ከታች መግቢያ በነፃ የሚል ተጽፏል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔን ከቤት ያስወጣኝ ይሄ የመጨረሻው መስመር ነው። ብራምስን በስም እንጂ በሥራው አላውቀውም። የድቮርዣክን ስም ደግሞ እንዴት እንደሚጠሩት እንኳን አላውቅም ነበር።

አዳራሹ ትንሽ ነው። ማይክራፎን የለም፣ ስፒከር የለም፣ የሚብለጨለጭ መብራት የለም። አምስት ሰዎች ተቀራርበው ተቀመጡ። ለካ ቻምበር ሙዚቃ የሚባለው ይሄ ነው። ለትልቅ መድረክ ሳይሆን ለአንድ ክፍል የተጻፈ፣ ዱላ ይዞ ፊት ለፊት የሚቆም መሪ የሌለው፣ ተጫዋቾቹ በዓይንና በትንፋሽ ብቻ የሚግባቡበት ሙዚቃ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። የቡና ሥርዓት ላይ እንዳለ ወሬ ማለት ነው።

የድቮርዣክ ኩዊንቴት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ሲጀምር ፒያኖው ቀስ ብሎ መንገድ ይጠርጋል፤ ቼሎው ይከተልና ዜማውን ይይዛል። ቼሎው በገባ ጊዜ እኔ አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም። ብልባላ ነበርኩ።

ብልባላን የማታውቁ ብዙ ናችሁ። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላስታ ከተማ ናት። ብልባላ ጊዮርጊስ የሚባል ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለን። ንቦቹ ከበሩ በላይ ግድግዳው ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸውም ለፈውስ ይፈለጋል። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ያንን እምምም የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። የቼሎው ወፍራም ክር ልክ እንደዚያ ነው የሚያሰማው። አያቴ ማሲንቆ ሲገርፉ ከሆዱ የሚወጣውም ያው ነበር።

አዎ፣ አያቴ ማሲንቆ ይመቱ ነበር። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ የበዓል ሰሞን ጠጅ ቤት ውስጥ። ይሄን በጽሑፍ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለምን ቢባል፣ ትምህርት ቤት እያለሁ የአዝማሪ ዘር እያሉ ሲጠሩኝ ዓይኔ እንባ ይሞላ ስለነበር ነው። አባቴ እኔን ከዚያ ስድብ ለማዳን ብሎ አያቴ ካረፉ በኋላ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማንም እንዳይነካው አዘዘ። አዲስ አበባ ስመጣ ሰው የት ተወለድክ ሲለኝ ላሊበላ እላለሁ። አያትህ ምን ነበሩ ሲለኝ ደግሞ ገበሬ። ግማሹ እውነት ነው፤ ያርሱም ነበር።

ኮንሰርቱ ሲያልቅ ዝግጅቱን ያስተዋወቁት አንድ የሙዚቃ መምህር ጋ ጠጋ ብዬ፣ ይሄ ነገር ለምን አገሬን አስታወሰኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉና ስለ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ አንብብ አሉኝ። ስማቸውን ሰምቼው አውቃለሁ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ናቸው ሲባል። ከዚያ ውጪ ግን ባዶ ነበርኩ። ምናልባት እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ፣ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አሸናፊ ከበደ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ዘመኑን አስቡት። ከተማዋ በጣሊያን እጅ ናት፤ አርበኞች ጫካ ናቸው፤ ንጉሡ ስደት ላይ ናቸው። ነፃነት ሲመለስ አሸናፊ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ናቸው። ስለዚህ ያደጉት አገሪቱ ሁሉንም ነገር እንደገና በምታቋቁምበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ሠራዊቱን፣ ቴአትር ቤቱን፣ የሙዚቃ ባንዱን።

የሙዚቃ ባንዱ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ 40 አርመናውያን ወጣቶችን የነሐስ ባንድ አዩና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራ ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ አሳድጓል። ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ክርክር የለውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በኖታ የሚጻፍ፣ በመንግሥት ደመወዝ የሚከፈለው፣ ዩኒፎርም ለብሶ የሚቀርበው ሙዚቃ መምህሩ ከውጭ የመጣ ነበር። አዝማሪው ደግሞ ጠጅ ቤት ነበር። በሁለቱ መካከል በር አልነበረም።

አሸናፊ ያንን በር ፍለጋ ሄዱ ማለት ይቻላል። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሮቸስተር በምትባል ከተማ ኢስትማን የሚባል ስመ ጥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ኢስትማን የኮዳክ ካሜራ ኩባንያ መሥራች ስም ነው። ፎቶ ማንሳትን ከባለሙያ እጅ አውጥቶ ለተራው ሰው የሰጠው ሰውዬ፣ በሀብቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈተ። አሸናፊ እዚያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁ።

እዚያ ምን እንዳጋጠማቸው ለማሰብ ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ድምፆች አሉ፤ ርቀታቸው እኩል ተደርጎ ተስተካክሏል። ከዚያ መለስ በሉና የአያቴን ማሲንቆ እዩ። የፈረስ ጭራ ተገምዶ አንድ ክር ሆኗል። ሆዱ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሳጥን ነው። ደጋኑም በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። ጣት ክሩን እንጨት ላይ አይጫነውም፤ አየር ላይ ነው የሚነካው። ቅኝቱ የሚወሰነው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው።

12 ድምፅ ያለው ሀብታም፣ 5 ድምፅ ያለው ድሃ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ብዙ ውጭ የተማረ ሰውም እንደዚያ አስቧል። አሸናፊ ግን አላሰቡም። ሕይወታቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ሲጠቃለል ይሄ ይመስለኛል። አምስቱ ድምፅ የጎደለ ነገር አለመሆኑን፣ ራሱን የቻለ ሥርዓት መሆኑን ማሳየት።

ከአሜሪካ ተመልሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና የ20ዎቹ አጋማሽ ወጣት ሆነው፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። ከእናንተ መካከል በዚያ ዕድሜ ያላችሁ አላችሁ አይደል? ሲቪ እየበተናችሁ ነው። እሳቸው አገር አቀፍ ትምህርት ቤት እያቋቋሙ ነበር።

ስሙን ተመልከቱት። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የነበረ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች የሰጠን ሊቅ ነው። ፒያኖና ቫዮሊን የሚያስተምር ዘመናዊ ተቋም በያሬድ ስም መጠራቱ ራሱ መልእክት አለው። ሙዚቃ እዚህ አገር ዛሬ የመጣ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ልጄ ሙዚቃ ሊማር ነው ብሎ በደስታ የሚናገር ወላጅ ከየት ይመጣል? ሙዚቀኛ ማለት አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ማለት ደግሞ ስድብ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ክፍል፣ ፈተና፣ ወረቀት ያለው ነገር ሲሆን ግን ነገሩ ይቀየራል። ልጁ ተማሪ ይባላል፤ ሲመረቅ መምህር ይባላል። አሸናፊ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ኖታ ከማስተማር በተጨማሪ ለሙያው ማዕረግ አበደረው። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ቫዮሊንና ማሲንቆ፣ ፒያኖና ክራር አንድ ግቢ ውስጥ ይሰጣሉ። አንዱ ክፍል ብራምስ ሲለማመድ ጎረቤቱ ክፍል ባቲ ይሰማል።

ያ ጊዜ በአጠቃላይ የሙከራ ጊዜ ነበር። በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና የሚጫወቱ ሰዎችን ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባለውን ቡድን በዩኒቨርሲቲው አቋቋመ። የየአካባቢው መሣሪያ ለብቻው ሳይሆን በኅብረት መድረክ ላይ ወጣ። አሸናፊ ደግሞ ከሌላው ጫፍ መጡ። የእረኛውን ዋሽንት ወስደው ለትልቅ የአውሮፓ ኦርኬስትራ ጻፉ። ሥራው ባለ ዋሽንቱ እረኛ ይባላል። በ1960ዎቹ መጨረሻም ሃንጋሪ ውስጥ ራሳቸው እየመሩት ተጫወተ።

ለምን ሃንጋሪ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሃንጋሪዎቹ ኮዳይና ባርቶክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የድምፅ መቅረጫ ተሸክመው ገጠር ለገጠር እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን የቀረጹ ሰዎች ናቸው። ከተሜው የናቀውን ዜማ ወስደው ለቫዮሊንና ለፒያኖ ጻፉበት። ዛሬ ያ ሙዚቃ የዓለም ሀብት ነው። አሸናፊን ጥቁሩ ኮዳይ ብለው የጠሯቸውም ነበሩ። ቅጽሉ ክብር ነው። እኔ ግን ከክብሩ ይልቅ ጥያቄው ነው የሳበኝ። የእኛን አያቶች ማን ቀረጻቸው?

እዚህ ጋ ወደ ኮንሰርቱ ልመለስ። ድቮርዣክ የተወለደው በ1841 ፕራግ አጠገብ ባለች መንደር ውስጥ ነው። አባቱ ሥጋ ቆራጭና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። በዚያ ዘመን ቼኮች በኦስትሪያ ሥር ናቸው፤ ቋንቋቸውና ዘፈናቸው የገበሬ ነገር ይባል ነበር። ድቮርዣክ ለዓመታት በአንድ ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ እየተጫወተ በድህነት ኖረ። ሥራዎቹን ለመንግሥት ድጎማ ሲልክ ከዳኞቹ አንዱ ብራምስ ነበር። ብራምስ ወደደውና ለአሳታሚው አስተዋወቀው። ስሙ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሰማሁት ኩዊንቴት ሁለተኛ ክፍል ዱምካ ይባላል። ከስላቮች የኀዘን ዘፈን የመጣ መልክ ነው። ቀስ ብሎ ይተክዛል፤ ድንገት ይነሳና ይጨፍራል፤ እንደገና ወደ ትካዜው ይመለሳል። በትዝታ ጀምሮ እስክስታ ውስጥ የገባ ሰርግ አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል።

ድቮርዣክ በ1892 አሜሪካ ሄዶ ኒውዮርክ ውስጥ የአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነ። ትምህርት ቤቱ ጥቁር ተማሪዎችንም ይቀበል ነበር። ከእነሱ አንዱ ሃሪ በርሌይ የባርነት ዘመን መዝሙሮችን ይዘፍንለት ነበር። ድቮርዣክ ሰማና ለአሜሪካውያን አስደንጋጭ ነገር ነገራቸው፤ የወደፊት ሙዚቃችሁ መሠረት ይሄ የምትንቁት የጥቁሮች ዜማ ነው አላቸው። በ1893 ክረምት አዮዋ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ የቼክ ሰፋሪዎች መንደር ተቀምጦ የጻፈው የገመድ ኳርቴት መክፈቻ ዜማ የተሠራው በአምስት ድምፅ ነው። እነዚያ አምስት ድምፆች የእኛው ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ድምፆች ናቸው። ዩቲዩብ ላይ የድቮርዣክ አሜሪካን ኳርቴት ብላችሁ ፈልጉት። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ስሙና ንገሩኝ።

እንግዲህ አያይዙት። ከሰባ ዓመት በኋላ ሌላ ወጣት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ያንኑ ጥያቄ ያዘ። ልዩነቱ ድቮርዣክ እንግዳ ሆኖ ነው የተናገረው። አሸናፊ የተናቀው ቤት ልጅ ሆነው ነው።

በትምህርት ቤቱ ግን ብዙ አልቆዩም። በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ ተመልሰው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1971 ዶክትሬታቸውን ያዙ። የመመረቂያ ጥናታቸው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እድገትና ባህላዊ መሠረት ነው። ከዚያ አገር ቤት አብዮት መጣ፤ የሥራ ዘመናቸውም በአብዛኛው በውጭ አለፈ። ኒውዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ ከዚያ በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

ይሄ ክፍል ትንሽ ያመኛል። በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ትልቁን ነገር የጀመሩ ሰው፣ የብስለት ዘመናቸውን ለሌላ አገር ተማሪዎች ሰጡ። ትምህርት ቤቱ መሥራቹን በልጅነቱ አጣ። በሌላ በኩል ደግሞ ስለ አዝማሪ በጣም ጠቃሚውን ነገር የጻፉት ርቀው ሳሉ ነው።

በ1974 ኮቱራዥያ የሚባል የቻምበር ሥራ ጻፉ። ፍሉት፣ ክላርኔት፣ ቫዮሊንና ኮቶ። ኮቶ ተዘርግቶ የሚገረፍ የጃፓን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው። ጃፓንም እንደኛ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች አሏት። ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ የአውሮፓ ቫዮሊንና የጃፓን ኮቶ አንድ ክፍል ውስጥ ሲነጋገሩ አስቡት። እኔ አዳራሽ ውስጥ ሆኜ ድንገት የተሰማኝን ነገር እሳቸው ከሃምሳ ዓመት በፊት አስበውበት፣ ኖታ ላይ አስፍረውታል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1975፣ በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ስለ አዝማሪ ጥናት አሳተሙ። በርዕሱ ላይ አዝማሪውን ገጣሚና ሙዚቀኛ ብለው ነው የጠሩት። ይሄ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን አይደለም። አያቴ ሰርግ ቤት ቆመው፣ ሙሽራውን እያዩ፣ ስሙን ጠይቀው፣ ወዲያው ግጥም አውጥተው፣ ሰምና ወርቁን አስማምተው፣ በዚያው ቅጽበት በዜማ ያወርዱት ነበር። ወረቀት የለም፣ ልምምድ የለም። ቪየና ውስጥ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ በዚያው ቅጽበት የሚፈጥር ሰው ሊቅ ይባላል። ብልባላ ውስጥ ግን ስሙ ስድብ ሆነ። አሸናፊ የሠሩት ነገር ቢኖር ያንን ስድብ ከላዩ አንስተው ሥራውን ማሳየት ነው።

በ1977 ደግሞ ስለ ክራር ጻፉ። ርዕሱ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ይለዋል። ስድቡን ሊደግሙ ፈልገው አይደለም። በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ነው የሚለውን የቆየ አባባል ፊት ለፊት አምጥተው ሊመረምሩት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ክር ናቸው። አንዱን ቅዱስ፣ ሌላውን ርኩስ ያደረገው እንጨቱ ሳይሆን የሚጫወትበት ቦታና የሚጫወተው ሰው ነው።

በ1982 ሥራቸው ይበልጥ ሰፋ። የጥቁር ሙዚቃ ሥሮች የሚል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን የድምፅ፣ የመሣሪያና የውዝዋዜ ቅርስ አንድ ላይ ያየ ሥራ ነው። ድቮርዣክ በ1893 የጠቆመውን ሥር አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአሜሪካውያን ተማሪዎች ሲያስተምር ማለት ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ዞሮ ይገጥማል።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ፍሎሪዳ ውስጥ አረፉ። 60 ዓመታቸው ነበር። ይሄን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም። ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ግን አለ። በየባንዱ፣ በየስቱዲዮው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ፊት ከዚያ የወጡ ሰዎች ቆመዋል። የሰማሁት ኮንሰርት ዓይነት ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ሊኖር የቻለውም እንደዚያ ያለ ቤት ስላለ ነው።

ታሪካቸውን አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። እኔ ቫዮሊን ለመስማት ታክሲ ይዤ የሄድኩ ሰው ነኝ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሁሉ ቼሎው እንዴት ደስ ይላል ስል አመሸሁ። ቤታችን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ማሲንቆ ግን ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም። የሰደቡኝ ልጆች ረስተውታል። የደበቅኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ወደ ብልባላ ደወልኩ። አባቴን ማሲንቆው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አለ አለኝ። ቆዳው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ጭራውም አልቋል፣ እንጨቱ ግን ደህና ነው። ለምን ፈለግከው አለኝ። ላሠራው ነው አልኩት። እንደሚቆጣ ገምቼ ነበር። እሱ ግን ቆዳው የፍየል መሆን እንዳለበት፣ በጉ እንደማይሆን፣ ጭራውም ከወንድ ፈረስ ቢሆን እንደሚሻል ያስረዳኝ ጀመር። አባቴ ይሄን ሁሉ ማወቁን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለካ እሱም ደብቆ ነው የኖረው።

ለገና እወርዳለሁ። ስልኬን አስቀምጬ አባቴ የሚያስታውሰውን የአያቴን ዜማ ሁሉ እቀርጻለሁ። ኮዳይ መቅረጫውን በከብድ ሸክም ነበር የሚያዞረው፤ የእኛ ኪሳችን ውስጥ ነው። እናንተም ቤት አንድ ሰው አይጠፋም። ክራር የሚደረድሩ አጎት፣ በእንጉርጉሮ እህል የሚፈጩ አያት፣ የልቅሶ ግጥም የሚያወርዱ አክስት ይኖሯችኋል። በዚህ በዓል አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ስማቸውንና የተቀዳበትን ቀን ጻፉ፣ የመቅረጫዋን ቀይ ነጥብ ተጫኑ። ቲክቶክ ላይ መጫኑ ይደርሳል።